«መቼ ተቀረጸ?» የቪዲዮ ማስረጃ ከባዱ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ2017 የስቶክሆልም ወረዳ ፍርድ ቤት በአንድ የቀድሞ የሶርያ አማጺ ቡድን አባል ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ፈረደ። ዋናው ማስረጃ ቪዲዮ ነበር፤ ሰባት ምርኮኛ ወታደሮች መሬት ላይ በግንባራቸው ተደፍተው ሲተኮስባቸው ያሳያል። ተከሳሹ መተኮሱን አልካደም። መከላከያው «ምርኮኞቹ በአማጺው ወገን ፍርድ ቤት ቀርበው ሞት ተፈርዶባቸዋል፤ እኔ ፍርድ ነው ያስፈጸምኩት» የሚል ነበር። ስለዚህ ክርክሩ አንድ ጥያቄ ላይ ቆመ፤ ከተማረኩበት እስከ ተገደሉበት ስንት ሰዓት አለፈ? በዩቲዩብና በፌስቡክ የወጡ ሌሎች ቪዲዮዎችና ልጥፎች ከዋናው ጋር ሲገናዘቡ ልዩነቱ ሁለት ቀን አልሞላም። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፍትሐዊ ችሎት ሊካሄድ እንደማይችል ፍርድ ቤቱ ደመደመ፤ መከላከያውም በዚሁ ወደቀ።

ያው ቪዲዮ መጀመሪያ በአንድ ትልቅ ጋዜጣ ሲዘገብ የተቀረጸው በኤፕሪል 2013 ነው ተብሎ ነበር። በኋላ እርማት ወጣ፤ ለካ ከዚያ አንድ ዓመት ገደማ ቀድሞ በ2012 የተቀረጸ ነው። ቦታውም ድርጊቱም ሰዎቹም ያው ናቸው። በጋዜጣ ላይ እንዲህ ያለ ስህተት በሁለት መስመር ይታረማል። በችሎት ላይ ግን ጠበቃው ከሌላው ማስረጃ ሁሉ አስቀድሞ የሚመዘው እሱን ነው።

በሰብዓዊ መብት ምርመራ ውስጥ አሁን ሰው ሁሉ የሚማረከው በቦታ ፍለጋው ነው። የተራራውን ጫፍ ከጉግል ኧርዝ ጋር ማስተያየት፣ የሕንጻውን ጣሪያ ከሳተላይት ምስል ላይ መፈለግ ለዓይን ይስባል፤ ለሪፖርትም ያምራል። በእኔ ግምት ቦታን ማረጋገጥ ትዕግሥት ላለው ሰው ዛሬ ተለምዷል። በትግራይ ማኅበረ ደጎ የተፈጸመውን ግድያ የሚያሳየው ቪዲዮ በ2013 ዓ.ም. ሲወጣ መርማሪዎች የገደሉን አፋፍና ከበስተጀርባ ያለውን የተራራ መስመር ከመልክዓ ምድር ሞዴል ጋር አገጣጥመው ቦታውን አግኝተውታል። ተራራ አይንቀሳቀስም። ጊዜ ግን በእያንዳንዱ እጅ፣ በእያንዳንዱ ስልክና በእያንዳንዱ አፕ ላይ ሲያልፍ ይለዋወጣል። በእኛ አገር ደግሞ የሰዓት አቆጣጠሩም የዘመን አቆጣጠሩም የራሳችን ስለሆነ ጣጣው እጥፍ ነው።

አንድ ቅጽበት፣ አራት ቁጥር

አንድ ድርጊት አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተፈጸመ እንበል። ምስክሩ «3 ሰዓት ላይ» ይላል። በስፍራው በስልክ የተነሳው ፎቶ ሜታዳታው (ፋይሉ ስለ ራሱ የሚይዘው መረጃ) ውስጥ 9፡00 ይላል፤ ፎቶ በአብዛኛው የስልኩን የአካባቢ ሰዓት ነው የሚይዘው። በዚያው ስልክ በዚያው ደቂቃ የተቀረጸው ቪዲዮ ግን 6፡00 ሊል ይችላል፤ ብዙ ስልኮች በኤምፒ4 ፋይል ውስጥ የሚጽፉት ዩቲሲን፣ ማለትም የዓለም መነሻ ሰዓትን ነውና፣ እኛ ደግሞ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። ቪዲዮው ወዲያው ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ ዋሽንግተን ያለ ወገናችን ስክሪንሾት ቢያነሳው የሚታየው ሰዓት ከሌሊቱ 2፡00፣ በእነሱ ክረምት ከሆነ ደግሞ 1፡00 ነው፤ አፑ የሚያሳየው የተመልካቹን ሰዓት ስለሆነ።

እነዚህ ሁሉ ትክክል ናቸው። ጉዳቱ የሚመጣው የየትኛው ሰዓት አቆጣጠር እንደሆነ ሳይጻፍ ወደ ሰንጠረዥ ሲገቡ ነው። አንድ ሠራተኛ «3፡00» ብሎ ያስገባል፤ እንግሊዝኛውን ሪፖርት የሚጽፈው ሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሌሊቱ ሦስት ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፤ ከዚያ በጠራራ ፀሐይ የተቀረጸ ቪዲዮ ከምስክሩ ቃል ጋር «ይጋጫል» ይባላል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ለጊዜ ሦስት ዓምድ ይኑር፤ አንዱ ምንጩ ራሱ እንዳለው፣ ሳይነካ፤ ሁለተኛው የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ፤ ሦስተኛው ወደ ዩቲሲ የተቀየረው። የመጀመሪያውን ዓምድ ማንም «አያስተካክለውም»። ምስክር ያለውን ማስተካከል የመርማሪ ሥራ አይደለም።

ቀኑ ደግሞ የራሱ ወጥመድ አለው። ጥር 8 ቀን 2013 በእነሱ ጃንዋሪ 16፣ 2021 ነው። ብዙዎች ይህን ልዩነት በቃል ይዘውት በየዓመቱ ያንኑ ይደግሙታል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ግን መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 ይውላል፤ የአንድ ቀን ሽግሽጉም እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ይዘልቃል። ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዲሴምበር 10 ሳይሆን ዲሴምበር 11፣ 2023 ነው። የአንድ ቀን ስህተት ትንሽ ይመስላል፤ ወታደራዊው ክፍል ከተማዋን የለቀቀው በዚያችው ቀን ከሆነ ግን ጉዳዩ በሙሉ ያቺ ቀን ናት። መቀየሪያ አፕ ስትጠቀሙ በአንድ አትርኩ፤ በሁለት ሞክሩና የሳምንቱን ቀንም አመሳክሩ። ምስክሩ «ቅዳሜ ነበር» ካለና የተቀየረው ቀን ዓርብ ላይ ከዋለ አንዱ ቦታ ላይ ተሳስታችኋል፤ ወይም ምስክሩ ተሳስቷል። ሁለቱም ቢሆን ሊታወቅ ይገባል።

ሌሊት የተፈጸመ ነገር ከሁሉ ይብሳል። «ማክሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት» ሲባል ሰዉ በአብዛኛው ማክሰኞ አምሽቶ የመጣውን ሌሊት ነው የሚያስበው፤ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ግን ያ ሰዓት ረቡዕ 2፡00 ነው። ቋንቋችን ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አለው፤ «ለረቡዕ አጥቢያ ማለትዎ ነው?» ብሎ መጠየቅ። ይህቺ ጥያቄ በቃለ መጠይቅ መመሪያ ላይ መጻፍ አለባት እላለሁ።

ገጠር ያሉ ምስክሮች ሰዓትም ቀንም ሲጠየቁ ጠያቂውን ለማስደሰት ግምት ይሰጣሉ፤ ይህ የታወቀ ነው። ቁጥሩን ከመጠየቅ ይልቅ ማሰሪያ መፈለግ ይሻላል። ገበያው ቆሞ ነበር ወይስ ተበትኖ? ቅዳሴ ወጥቷል? የመግሪብ አዛን ተብሏል? ከብቶቹ ገብተዋል? ገብርኤል ዕለት ነው ወይስ ማግስቱ? ወሩ ከታወቀ ገብርኤል 19፣ ሚካኤል 12፣ ማርያም 21 ላይ ነው፤ ቀኑ ከዚያ ይወጣል። የአክሱሙ ግድያ ኅዳር 19 ቀን 2013፣ ከኅዳር ጽዮን ክብረ በዓል ሁለት ቀን ቀድሞ ነው የተፈጸመው። እንዲህ ያለ ዕለት በምስክር አእምሮ ውስጥ ከቁጥር ይልቅ በበዓሉ ተመዝግቦ ይኖራል። እናት «ለጽዮን ልብስ እያጠብኩ ነበር» ብትል ያ ከ«ኖቬምበር 28» የበለጠ አስተማማኝ ነው። ጠያቂው ሁለቱንም ይጻፍ፤ እሳቸው ያሉትን በቃላቸው፣ እሱ ያሰላውን ደግሞ ለብቻ።

ጥላ እንዴት ይነበባል

ሜታዳታ በሌለበት፣ ማለትም በአብዛኛው ጉዳይ፣ የሚቀረን ፀሐይ ናት። ሰንካልክ የተባለው ነጻ ድረ ገጽ ቦታና ቀን ሲሰጡት ፀሐይ በየደቂቃው የት እንደምትሆን ይነግራል። ስሌቱ ራሱ ቀላል ነው፤ የቆመው ነገር ቁመት ለጥላው ርዝመት ሲካፈል የፀሐይዋን ከፍታ ማዕዘን ታንጀንት ይሰጣል። ቁመቱ 1 ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ጥላውም 1 ሜትር ከ70 ከሆነ ፀሐይዋ በ45 ዲግሪ ላይ ናት። አዲስ አበባ ላይ በመጋቢት 11 አካባቢ ይህ የሚሆነው ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ35 ገደማና ከቀኑ 9 ሰዓት ከ30 ገደማ ነው። ጥላው ወደ ምዕራብ ከወደቀ ጠዋት፣ ወደ ምሥራቅ ከወደቀ ከሰዓት በኋላ። በጥላው ርዝመት ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ብትሳሳቱ ውጤቱ በ7 ደቂቃ ያህል ይዛባል፤ ይህ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ትልቁ አደጋ ያለው ከመለኪያው ሌላ ቦታ ነው።

አንደኛው አደጋ የካሜራው አቅጣጫ ነው። ወደ ካሜራው ወይም ከካሜራው ርቆ የወደቀ ጥላ በምስሉ ላይ አጥሮ ይታያል፤ መለካት ያለበት በጎን የወደቀው ነው። ሁለተኛው ቁልቁለት ነው። በእኛ ደጋ ሜዳ ያለ መሬት ብርቅ ነው፤ ቁልቁል የወደቀ ጥላ ይረዝማል፣ ሽቅብ የወደቀው ያጥራል። ሦስተኛውን ግን በውጭ ቋንቋ የተጻፉ መመሪያዎች ብዙም አያነሱትም፤ እኛ ከምድር ወገብ ብዙ አንርቅም። አውሮፓ ውስጥ የቀትር ጥላ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ነው። አዲስ አበባ ላይ በሚያዝያ የመጀመሪያው ሳምንትና በነሐሴ 23 አካባቢ ፀሐይ ቀጥ ብላ አናት ላይ ትሆናለች፤ በሁለቱ መካከል ባለው ጊዜ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በጥላው ሰሜንን ለመገመት የለመደ ተንታኝ የሰኔን ቪዲዮ ዞሮ ያነበዋል፤ ቦታውንም ከዚያው ጋር ያጠፋዋል።

ከዚሁ የሚመጣ ጥቅምም አለ። በመጋቢት አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከወጣችበት እስከ ጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል አቅጣጫዋ የሚለወጠው በ9 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ቀጥ ብላ ነው የምትወጣው። ስለዚህ በጠዋት ቪዲዮ የጥላው አቅጣጫ ሰዓቱን አይነግራችሁም፤ ወቅቱን ግን ይነግራችኋል። ከሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲቆጠር በሰኔ አጋማሽ ፀሐይ የምትወጣው በ66 ዲግሪ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ በ114 ዲግሪ ገደማ ነው። ሰዓቱን ከርዝመቱ፣ ወቅቱን ከአቅጣጫው አንብቡ። ለዚህ ደግሞ አስቀድሞ ቦታው በትክክል መታወቅ አለበት፤ ጥላውን በሳተላይት ምስል ላይ ከሚታይ ግድግዳ ወይም መንገድ አቅጣጫ ጋር ነውና የምታነጻጽሩት።

ጥላ ሁልጊዜ ሁለት ቀን ይሰጣል። በመጋቢት 11 የሚታየው ጥላ በመስከረም 12 ወይም 13 ላይም ያው ነው። እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ተዘግቶ ገበሬ የሆነ ሰው ይጠየቅ። በመስከረም መስኩ አረንጓዴ ነው፣ አደይ አበባ አለ፣ እህሉ ገና ቆሟል። በመጋቢት መሬቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። የጤፍ ክምር ቆሞ ከታየ ከኅዳር ወዲህ ነን፤ አውድማ ተለቅልቆ በሬ እየተነዳ ከሆነ ታኅሣሥና ጥር ይታሰባል። ይህ እውቀት በምርመራ ሪፖርቶች ውስጥ ከሚገባው በታች ነው የሚውለው፤ ምናልባት በሶፍትዌር ስላልመጣ ይሆናል።

ሁለት ጎን ገድቦ የማጥበብ ዘዴው በካሜሩኑ ጉዳይ ላይ በደንብ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት ሴቶችና ሁለት ሕፃናት በወታደሮች ሲገደሉ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ፤ መንግሥት ሐሰተኛ ዜና ነው አለ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ መርማሪዎች ተራራውን አገናዝበው ቦታውን በሰሜን ካሜሩን ዜለቬት አቅራቢያ አገኙት። ከዚያ ጊዜውን እያጠበቡ ሄዱ፤ በቪዲዮው የሚታይ ግንብ በኋላኞቹ የሳተላይት ምስሎች ላይ ፈርሷል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት ነው፤ የእግር መንገዱ የሚታየው በደረቁ ወራት ብቻ ነው፤ የወታደሩ ጥላ ደግሞ የቀረውን አጥብቦ ከማርች 20 እስከ ኤፕሪል 5፣ 2015 አደረሰው። እ.ኤ.አ. በ2020 የያውንዴ ወታደራዊ ፍርድ ቤት አራት ወታደሮችን በ10 ዓመት፣ አንዱን በ2 ዓመት እስራት ቀጥቶ ሁለቱን በነጻ አሰናበተ። ጠባቡ የቀን ክልል ባይገኝ ኖሮ «በዚያ ጊዜ በስፍራው የነበረው የትኛው ክፍል ነው» የሚለው ጥያቄ መልስ ባልኖረው።

ስለ ሳተላይት በአጭሩ፦ ሴንቲኔል 2 ነጻ ነው፣ በየ5 ቀኑ ያልፋል፤ ግን አንዱ ነጥብ 10 ሜትር ስለሆነ የተቃጠለ መንደር ያሳያል እንጂ ሰው አያሳይም። ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው አይከፈትም፤ ያኔ ደመናን ዘልቆ የሚያየው የሴንቲኔል 1 ራዳር ይረዳል፣ ንባቡ ግን ሙያ ይጠይቃል። የናሳው የእሳት ካርታ ላይ የሚታይ ቀይ ነጥብ በጎን 375 ሜትር የሚያህል ስፋት ይሸፍናል፤ ከጦርነት እሳት ይልቅ ምንጣሮ የሚያቃጥል ገበሬን ሊያሳይ ይችላል። ያለፉትን አምስት ዓመታት የዚያኑ ወር ነጥቦች ሳያዩ «መንደር ተቃጠለ» ብሎ መጻፍ ጥፋት ነው።

ፋይሉ ከየት መጣ

ይህ ሁሉ የሚሠራው ፋይሉ እንደመጣ ከተያዘ ነው። በዋትስአፕ፣ በኢሞ ወይም በቴሌግራም እንደ ተራ ቪዲዮ የተላከ ፋይል ይጨመቃል፤ ሜታዳታው በአብዛኛው ይጠፋል፣ ጥራቱም ይወርዳል። ውጭ አገር ላሉ ወገኖቻችን ቪዲዮ የሚደርሳቸው በዚህ መንገድ ነውና ምክሩ ይኸው ነው፤ ላኪውን «እንደ ፋይል» ወይም «እንደ ዶክመንት» አድርጎ ዳግመኛ እንዲልክ ጠይቁ፣ ለእሱ አደጋ ካልሆነ። ለሌላ ከማስተላለፋችሁ በፊት ከማን፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ስልክ እንደደረሳችሁ ጻፉ። መልእክቱን አታጥፉት።

ከኢንተርኔት ለሚወሰድ ነገር ስክሪንሾት አይበቃም። ሊንኩ በሙሉ፣ የለጠፈው መለያ ስምና የማይለወጠው ቁጥሩ፣ የገጹ ሙሉ ቅጂ፣ የቪዲዮው ፋይል፣ ከሥር ያሉት አስተያየቶች ይያዙ። አስተያየት ውስጥ «ይሄ እኮ የአምናው ነው» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ አይጠፋም፤ ልክም ይሆናል። የተለጠፈበት ሰዓት በዓይን ከሚታየው ይልቅ ከሥሩ ካለው መረጃ ይወሰድ፤ የሕዝብ የቴሌግራም ቻናል በብራውዘር ሲከፈት በገጹ ኮድ ውስጥ ሰዓቱ ከነዩቲሲ ልዩነቱ ተጽፏል፤ የኤክስና የቲክቶክ ልጥፍ መለያ ቁጥር ራሱ የተፈጠረበትን ጊዜ በውስጡ ይዟል። ይህ የሚያረጋግጠው ግን «ከዚህ በኋላ አልተቀረጸም» የሚለውን ብቻ ነው። የቀደመ ልጥፍ መኖሩን ለማወቅ የቪዲዮውን ቁልፍ ክፈፎች አውጥቶ በጉግል ሌንስ፣ በያንዴክስና በቲንአይ መፈለግ ያስፈልጋል። ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ቪዲዮ ብዙ ይወራል፤ ሆኖም መርማሪን በየዕለቱ የሚያታልለው የድሮ ቪዲዮ በአዲስ ርዕስ ነው።

በአማርኛ ስትፈልጉ አንድ አጻጻፍ አይበቃም። «ማኅበረ»፣ «ማህበረ»፣ «ማሕበረ» ለፍለጋ ሞተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ፣ አ እና ዐም እንደዚሁ። የተጎጂዎች ዝርዝርም ላይ ያው ችግር ይመጣል፤ አንድ ሰው «ዓለሙ» እና «አለሙ» ሆኖ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ከማነጻጸራችሁ በፊት ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት ወደ አንድ የሚቀይር ተጨማሪ ዓምድ ሥሩ፤ የመጀመሪያውን አጻጻፍ ግን ጠብቁት፣ መታወቂያው ላይ ያለው እሱ ነውና።

ፋይሉ በእጅ እንደገባ ሳይከፈት ሃሽ ይወሰዳል። ሻ-256 የሚባለው ከፋይሉ 64 ሆሄያት ያሉት ቁጥር ያወጣል፤ በፋይሉ ውስጥ አንዲት ነገር ብትለወጥ ቁጥሩ በሙሉ ይለወጣል። ስሙን መቀየር ሃሹን አይነካም፤ በማስተካከያ አፕ ከፍቶ «አስቀምጥ» ማለት ይነካዋል። ሰዎች ሃሽን ከሚገባው በላይ ያምኑታል። ሃሽ የሚመሰክረው ፋይሉ ከእኛ እጅ ከገባ ወዲህ እንዳልተነካ ብቻ ነው፤ ከዚያ በፊት ስለሆነው አንዲት ቃል አይናገርም። ከሃሹ ጋር ማን አወረደው፣ በምን መሣሪያ፣ በየትኛው የሶፍትዌር ስሪት፣ የት ተቀመጠ የሚለው ይመዘገባል። ዋናው ቅጂ ይታሸጋል፤ ሥራው በሌላ ቅጂ ይሠራል፤ ሦስተኛው ቅጂ ሌላ ከተማ ይቀመጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 ይፋ የሆነው የበርክሌይ ፕሮቶኮል፣ የዲጂታል ምርመራ መመሪያው፣ ይህን ሰንሰለት ከመጀመሪያው ፍለጋ እስከ ትንተና በየደረጃው ያስቀምጣል፤ ለጀማሪ ከዚያ የተሻለ መነሻ የለም።

ቆይቼ አወርደዋለሁ ማለት አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ2017 ዩቲዩብ የአመጽ ይዘትን በማሽን መለየት ሲጀምር የሶርያን ጦርነት የሰነዱ በርካታ ቪዲዮዎችና ቻናሎች ከገጹ ጠፍተዋል። የጠፋውን ከኩባንያው በፍርድ ቤት ለማስመለስ መሞከር ረጅም መንገድ ነው፤ ጋምቢያ በምያንማር ላይ ላቀረበችው የዘር ማጥፋት ክስ ፌስቡክ ያነሳቸውን ይዘቶች ለማግኘት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ጠይቃ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 ተፈቅዶላት፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሌላ ዳኛ ትእዛዙን ሽረውታል።

ችሎትና ፖሊሲ

የዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በሊቢያዊው የጦር አዛዥ አል ወርፋሊ ላይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ያወጣው የእስር ማዘዣ በማኅበራዊ ሚዲያ በተለጠፉ ቪዲዮዎች ላይ በመመሥረቱ በየሥልጠናው ይጠቀሳል። ከመጠን በላይ ይጠቀሳል ባይ ነኝ። ለእስር ማዘዣ የሚበቃው «ለማመን የሚያስችል ምክንያታዊ መነሻ» ነው፤ ለጥፋተኝነት ግን ከጥርጣሬ በላይ መረጋገጥ አለበት። ሰውዬው ችሎት ሳይቀርብ ስለሞተ ቪዲዮዎቹን ማንም ጠበቃ አልፈተናቸውም። በጥራት ከተሰበሰበ ምስል ጋር የሚሄደው ምሳሌ ከምሥራቅ ኮንጎ ነው፤ ለዚሁ ተብሎ በተሠራ፣ ጊዜና ቦታን ከምስሉ ጋር በሚያሽግ አፕ የተነሱ ፎቶዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት የሚሊሻ አዛዦች በሰብእና ላይ በተፈጸመ ወንጀል ጥፋተኛ በተባሉበት ችሎት ቀርበዋል።

ኢትዮጵያ ይህ ፍርድ ቤት የተመሠረተበት የሮም ስምምነት አባል አይደለችም፤ ስለዚህ አሁን የሚሰበሰበው ማስረጃ በዋናነት ሊቀርብ የሚችለው በአገር ውስጥ፣ ወይም እንደ ስዊድን ባሉ በሌላ አገር የተፈጸመ ወንጀልን በሚዳኙ ፍርድ ቤቶች ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ስለ ኤሌክትሮኒክ ማስረጃ ተቀባይነትና ትክክለኛነት ድንጋጌዎች አሉት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ የምስክሮችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ሁሉ ሊያነበው የሚገባ ነው። የሽግግር ፍትሕ ፖሊሲው በሚያዝያ 2016 ሲጸድቅ ማን ማስረጃ ይሰብስብ የሚለው የበለጠ አንገብጋቢ ሆኗል።

የፖሊሲ ሥራ ከክስ ይለያል፤ እዚያ የሚፈለገው አንድ ድርጊት ሳይሆን ሥርዓቱ፣ ድግግሞሹ ነው። ብዙ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በዳታቤዝ ውስጥ ያለው የቪዲዮ ቁጥር የተፈጸመውን ሳይሆን የተቀረጸውን፣ ከተቀረጸውም የወጣውን ነው የሚያሳየው። በትግራይ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ መስመር በተቋረጠባቸው ወራት የቪዲዮ መጠን ቢያንስ ጥቃት ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ኔትወርክ ያለበት ወረዳ ከሌለበት ይልቅ «ብዙ ጥሰት የተፈጸመበት» ሆኖ ይወጣል። ግራፍ ከመሥራታችሁ በፊት ከሥሩ ኔትወርክ የተቋረጠባቸውን ጊዜያት በግራጫ አስምሩ። ያንን የማያደርግ ግራፍ ለፖሊሲ አውጪ ባይሰጥ ይሻላል።

ስለ ሰዎቹ ደኅንነት ሁለት ነገር ብቻ። ፊት በብዥታ አይሸፈንም፤ በሙሉ ጥቁር ሳጥን ነው የሚሸፈነው። ድምፅን ማወፈር ወይም ማቅጠን ብቻውን ሊመለስ ስለሚችል ቃሉ በሌላ ሰው ይነበብ። የምስክርን ድምፅ በነጻ የኢንተርኔት መገልበጫ ላይ አትጫኑ፤ ምስጢሩ መውጣቱ እንዳለ ሆኖ ማሽኑ አማርኛን ሲገለብጥ «አልገደሉም» ላይ «አል»ን ቢዘል ምስክርነቱ ተገለበጠ። ያንኑ ተጎጂ አምስት ድርጅት ተራ በተራ ከጠየቀው ደግሞ አምስት የተለያዩ ቃሎች ይኖራሉ፤ ሁሉም በጠበቃ እጅ ይገባሉ። ሌላ ሰው ጠይቆ ከሆነ ዝርዝሩን ተዉት፤ ማን እንደሆነና የት እንደሚገኝ ብቻ መዝግቡ።

ለዐቃቤ ሕግ ወይም ለመርማሪ ኮሚሽን ፋይል ስታስረክቡ ዋናው ቅጂ ከነሃሹ፣ የአያያዝ መዝገቡ፣ የጊዜ ስሌቱ ከነስህተት ወሰኑ አብረው ይሂዱ። «ከመጋቢት 11 እስከ 27» ተብሎ ይጻፍ እንጂ መሐሉን ወስዶ «መጋቢት 19» አይባልም። ፈትሻችሁ የጣላችኋቸው ቀናትም ለምን እንደተጣሉ ይጻፍ፤ መስከረም የተጣለው መስኩ ደርቆ ስለታየ ከሆነ፣ የታየበት ሰከንድና ክፈፉ ይያያዝ።